የአውሬ ማደሪያ በመኖሪያ ግቢ

በየትኛውም መካነ አራዊት ጎብኚ አጥሩን አልፎ ወደ አውሬው ማደሪያ መግባት አይፈቀድለትም። ክልከላውን የጣሰ ከግቢው ይባረራል፤ በብዙ አገሮችም በሕግ ይጠየቃል። ይህ ደንብ በፈቃዱ የሚገባውን ሰው ከገዛ ድፍረቱ ይጠብቀዋል። ታዛ ለምትገባዋ ግን ጠባቂዋ ማን ነው?

ጥያቄው ለአሕመዲ ነዋሪዎች ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሕመዲ ግዛት፣ በሰባሒያ ከመኖሪያ ቤት ያመለጠን አንበሳ አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ታቅፋ ስትመልሰው የሚያሳይ ምስል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ብዙዎች ሳቁበት። ከዚያ ቀደም፣ በ2014 ግን፣ እዚያው ኩዌት ውስጥ አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ አሠሪዎቿ በሚያሳድጉት አንበሳ ተነክሳ መሞቷ ተዘግቧል።

አውሬ ቢላመድም አውሬ ነው። በ2013 በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አንድ ልምድ ያለው ጠባቂ ሲንከባከበው በኖረው አንበሳ ተገድሏል። ባለሙያውን ያላዳነ ልምድ፣ ልብስ ለማጠብና ልጅ ለመጠበቅ የተቀጠረችን እኅት እንዴት ሊያድን ይችላል?

ኩዌት አዳኝ አራዊትን በግል ቤት ማኖርን ከልክላለች። የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68ም አሠሪው ሠራተኛውን አደገኛ ሥራ እንዳያሠራ ያዛል። ይሁንና ሠራተኛዋ «እምቢ» እንዳትል የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሕጎች ሊተሳሰሩ ይገባል፤ ሠራተኛን ወደ አውሬ ማደሪያ መላክ በስሙ ተጠርቶ ወንጀል ሊሆን፣ ጥቆማ የሰጠችም ሥራዋንና ፈቃዷን እንዳታጣ ዋስትና ሊሰጣት ያስፈልጋል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ስለ መቀጣቷ አስተምረዋል። እንስሳን አላግባብ ማሰር ይህን ያህል ካስጠየቀ፣ አውሬን ለመታያ አስሮ በእርሱ ፊት የሰውን ነፍስ ማቆም ምን ያህል ያስጠይቅ! ኤምባሲዎችና ቀጣሪ ድርጅቶች ውል ሲፈራረሙ በቤቱ አውሬ አለመኖሩን ቢጠይቁ፣ ሐዘን ከመድረሱ በፊት አንድ በር ይዘጋሉ።