ከጾሙ በፊት ስለ መድኃኒቱም እንመካከር

ረመዳን ሲቃረብ በየቤቱ ዝግጅቱ ብዙ ነው። ተምሩ፣ ለሳምቡሳው ምስሩ፣ ለሾርባው አጃው ቀድሞ ይገዛል። በብዙ ቤት ሳይነሳ የሚታለፍ ጥያቄ ግን አለ፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ወይም እናት በጾሙ ወር መድኃኒታቸውን እንዴት ይወስዳሉ?

እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 ሀገራት ከ12 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያካተተው «ኤፒዲያር» የተሰኘው ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው 79 በመቶ፣ አንደኛው ዓይነት ካለባቸው ደግሞ 43 በመቶ ያህሉ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ከባድ የስኳር መውረድ ግን ሁለተኛው ዓይነት ባለባቸው 7.5 እጥፍ፣ አንደኛው ዓይነት ባለባቸው 4.7 እጥፍ ጨምሯል። ያም ሆኖ የመድኃኒታቸውን መጠን የቀየሩት ክኒን ከሚወስዱት ሩብ ያህሉ፣ ኢንሱሊን ከሚወስዱት ደግሞ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ተስፋ የሚሰጠው ግኝት እ.ኤ.አ. በ2010 ከለንደን የወጣው ነው። ጥናቱ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸውን 111 ሰዎች የተመለከተ ነበር። ከረመዳን በፊት ስለ አመጋገብ፣ ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለ ስኳር ልኬት ትምህርት ባገኙት ዘንድ የስኳር መውረድ ከ9 ጊዜ ወደ 5 ቀነሰ። ትምህርቱን ባልተከታተሉት ዘንድ ግን ከ9 ወደ 36 አሻቀበ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱን የተከታተሉት ከመነሻው ለጤናቸው የበለጠ የሚጠነቀቁ ሰዎች ሊሆኑም ይችላሉ። ልዩነቱ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከአጋሩ ጋር በ2021 ያሻሻለው መመሪያ ሕሙማንን በነጥብ ይመድባል፤ አነስተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ። መድኃኒቶቹም እኩል አይደሉም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ግሊበንክላማይድና ኢንሱሊን ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ በተለይ የሱሁሩ መጠን ብዙ ጊዜ መቀነስ አለበት። ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

መመሪያው አንድ ግልጽ ወሰንም ያስቀምጣል። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያውኑ መፈታት አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ሲመጣም እንዲሁ። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያስፈታ በርካታ ዑለሞች ይስማማሉ። ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድም በሱረቱል በቀራህ የሰፈረ ነው። ሆኖም ስንት አባት «ቤተሰቤ ሲጾም እኔ ልብላ?» በሚል ሐፍረት ሕመሙን ደብቆ ይውላል? ይህን ሐፍረት ማቅለል የልጆችና የትዳር አጋር ድርሻ ነው።

ሌላው ችግር ሳያውቁት የሚጾሙ ሰዎች መኖራቸው ነው። በፌዴሬሽኑ የ2021 ግምት መሠረት በአፍሪካ የስኳር ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ስኳርና ግፊት ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚመጡ፣ አንዱን ለመመርመር የመጣ ሰው ሌላውንም ቢለካ ጥሩ ነው።

ለዚህ የግድ ትልቅ ሆስፒታል መገንባት አያስፈልግም። የለንደኑ ተሞክሮ የጠየቀው ሰው የሚሰበሰብበት ቦታና የሚያስተምር ባለሙያ ነው። ሐዋሳን እንውሰድ። ከተማዋ የባህል አዳራሽ አላት፤ ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፤ መስጂዶችና ጀመዓዎችም አሏት። ከረመዳን ስድስትና ስምንት ሳምንት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ቢከፈት፣ ነርሶች ስኳርና ግፊት ቢለኩ፣ ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ፣ ኢማሙ ደግሞ ስለ ፈቃዱ ቢያስረዱ፣ ሕዝቡ ሁለቱንም መልስ በአንድ ቦታ ያገኛል። ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

ጾሙ ከተጀመረ በኋላም አልረፈደም። የቤተሰቡን ሕመምተኛ የመድኃኒት ካርድ ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሱሁርን አትዝለሉ፤ እስከ መጨረሻው ሰዓትም አቆዩት። በኢፍጣር ላይ ሳምቡሳውን ቀንሱ፤ ውኃውን ጨምሩ። ከተራዊህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም አንድ ጊዜ ስኳሩን ለኩ።

ረመዳን ሙባረክ!