ትራክተር ላይ የተቀመጠው ጀግና፦ የጃፓን ድብልቅ ተረኮች እና የገጠሩ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የሥዕል ጀግኖች አንዱ የሆነው ጎኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ፣ ተመልካቹ ያገኘው በትግል ሜዳ አልነበረም፤ ትራክተር ላይ ተቀምጦ ማሳ ሲያርስ ነበር። ፕላኔት የማፍረስ ጉልበት ያለው ይህ ተዋጊ ወደ እርሻ የወረደው ለቤቱ ገቢ እንዲያመጣ ሚስቱ ቺቺ ስለወተወተችው ነው። ጎኩ በመሐል እያመለጠ ወደ ትግል ልምምዱ መሮጡ ቢያስቅም፣ ማሳው ግን የጨዋታ ማሳ አይደለም። ካልታረሰ ቤቱ አይበላም።

«ድራጎን ቦል» የተሰኘው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳምንታዊ የሥዕል መጽሔት ላይ ሲጀመር የጥንት የቻይና ተረትን፣ የኩንግ ፉ ፊልምን፣ የጠፈር መንኮራኩርን፣ ሮቦትንና ትዳርን በአንድ ድስት የጨመረ ነበር። ደራሲው አኪራ ቶሪያማ የጃኪ ቻን ፊልሞች አድናቂ ነበር። በትንንሽ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እነዚያኑ ፊልሞች ያየ ኢትዮጵያዊ ትውልድም ድብልቁ እንግዳ አይሆንበትም። ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በ68 ዓመቱ ሲያርፍ ኀዘኑ ከጃፓን አልፎ በብዙ አገሮች ተሰምቷል። በዚያው ወር ሳዑዲ ዓረቢያ በሪያድ አቅራቢያ በሚገነባው ቂዲያ በዚህ ተረት ስም የመዝናኛ ፓርክ እንደምታቋቁም አስታውቃለች።

ነገሩ ከልጆች ጨዋታ ያለፈ መሆኑን የጃፓን መንግሥት ራሱ በቁጥር ይናገራል። የአገሪቱ የፊልም፣ የሥዕል ተረክና የቪዲዮ ጌም ምርቶች በውጭ አገር ያስገኙት ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 5.8 ትሪሊዮን የን ደርሷል። ይህም ከአገሪቱ የብረትና የሴሚኮንዳክተር የወጪ ንግድ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ ነው። መንግሥት ይህን ገቢ እ.ኤ.አ. እስከ 2033 ወደ 20 ትሪሊዮን የን ለማድረስ አቅዷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሀብት የሚቀዳበት ምንጭ ሲፈተሽ በተደጋጋሚ የሚገኘው ገጠሩ ነው።

ለዚህ ከሂሮሙ አራካዋ የተሻለ ምስክር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 በሆካይዶ ደሴት፣ ቶካቺ በተባለው የእርሻ አውራጃ ከወተት ላም አርቢ ቤተሰብ ተወለደች፤ የተማረችውም በግብርና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት በኋላ ሰባት ዓመት በቤተሰቧ እርሻ ሠርታ፣ ጎን ለጎን ሥዕል እየተማረች ቆየች። ወደ ቶኪዮ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ራሷን በሥዕል ስታቀርብ መነጽር ያደረገች ላም አድርጋ ነው።

ስሟን ያስጠራው «ፉልሜታል አልኬሚስት» ከ2001 እስከ 2010 የታተመ ሲሆን ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የሞተች እናታቸውን በምስጢራዊ ሳይንስ ሊያስነሡ የሞከሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ክንዱንና እግሩን፣ ሌላው ሙሉ አካሉን ያጣሉ። በሥራው ውስጥ የብረት ክንድ አለ፣ የእጅ ለእጅ ትግል አለ፣ የጦርነት ወንጀል አለ፤ የብረት ክንዱን የምትጠግነው ልጅና የታላቁ ወንድም ፍቅርም አለ። ሁሉን የሚያስተሳስረው ሕግ ግን አንድ ነው፦ አንድ ነገር ለማግኘት እኩል ዋጋ ያለው ነገር መስጠት ግድ ነው። ሳይዘራ የሚታጨድ፣ ሳይገብር የሚታለብ የለም። ይህ ሐሳብ ከከብት በረት ለወጣች ሴት ከመጽሐፍ የሚቀዳ አይደለም።

ያንን ሥራ ከጨረሰች በኋላ አራካዋ ሰይፉንና ምስጢራዊ ሳይንሱን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ እርሻ ተመለሰች። ከ2011 እስከ 2019 በወጣው «የብር ማንኪያ» የከተማ ልጅ የሆነው ሃቺኬን ከቤቱ ሸሽቶ ሆካይዶ ወደሚገኝ የግብርና ትምህርት ቤት ይገባል። ያሳደገውን አሳማ ወደ ቄራ ይሸኛል፤ ሥጋውንም ራሱ ገዝቶ ይበላል። የሚበልጠው ድንጋጤ ግን ሌላ ቦታ ነው። የጓደኛው የኮማባ ቤተሰብ እርሻ በዕዳ ይወድቃል፤ ልጁም ትምህርቱን ያቋርጣል። ለዕዳው ዋስ የሆነው የጎረቤት ቤተሰብም ፈረሶቹን ለመሸጥ ይገደዳል። በቡድን ዋስትና የማዳበሪያ ወይም የከብት ማድለቢያ ብድር የወሰደ አርሶ አደር ይህን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በወጣቶች መጽሔት ላይ፣ በትግልና በፍቅር ታሪኮች መካከል፣ የዋስትና ዕዳ የሁለት ቤተሰብን በረት እንዴት እንደሚያራቁት በሳምንት በሳምንት ማስነበብ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ድብልቁ ራሱ ወደ ማሳ የገባው ደግሞ «ሳኩና» በተሰኘው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በቪዲዮ ጌምነት ሲወጣ የዋና አዘጋጆቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሰነፏ የመከር አምላክ ጭራቆች ወደሞሉባት ደሴት ትጋዛለች። በዚያ መዋጋት አለባት፤ ነገር ግን የምትበረታው በልምምድ ሳይሆን ባመረተችው ሩዝ ጥራት ነው። ተጫዋቹ ዘሩን በጨው ውኃ ዘፍቆ የሚንሳፈፈውን ገለባ ያስወግዳል፤ ችግኝ አፍልቶ ይተክላል፤ የማሳውን ውኃ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ያርማል፤ ከዐይነ ምድር ማዳበሪያ ያዘጋጃል፤ አጭዶ ያደርቃል፤ ይወቃል፤ ይፈትጋል። መሣሪያዋም ሰይፍ አይደለም፤ ጭራቆቹን የምትገጥመው በእርሻ መሣሪያዎቿ ነው።

ጌሙ የከበዳቸው የከተማ ወጣቶች መላ ፍለጋ የገቡት ወደ ጃፓን ግብርና ሚኒስቴር ድረ ገጽ ሲሆን፣ ስለ ሩዝ አመራረት የተጻፉት የመንግሥት ማብራሪያዎች ያልታሰበ አንባቢ አገኙ። የትኛውም የልማት ሠራተኛ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ በቀላሉ የማያገኘውን ጉጉ አድማጭ አንዲት የተረት አምላክ አስገኘች ማለት ነው። በ2024 ክረምት ሥራው ወደ ቴሌቪዥን ሲሸጋገር፣ ያዘጋጀው ድርጅት ዋና ስቱዲዮውን ያደረገው በቶኪዮ አይደለም፤ የሩዝ ማሳ በከበባት ናንቶ፣ በቶያማ ግዛት ነው። ይህም ዘርፉ በአብዛኛው በዋና ከተማዋ ለተከማቸባት አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የተረቱ ማሳና የእውነተኛው ማሳ ዕጣ ገና አልተገናኘም። በጃፓን እርሻን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 2.4 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2024 ወደ 1.1 ሚሊዮን ወርደዋል። በዚያ ዓመት አማካይ ዕድሜያቸው 69 ዓመት ገደማ ነበር። የሩዝ ዋጋ እንዳይወድቅ በሚል ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥት አርሶ አደሩ የሩዝ ማሳውን እንዲቀንስ ሲያደርግ ኖሯል። አሠራሩ በ2018 በይፋ ቢቀርም፣ ሩዙን ትቶ ሌላ ሰብል ለሚያመርት የሚሰጠው ድጎማ ቀጥሏል። በ2024 በጋ ማብቂያ የሩዝ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ፤ በ2025 ጸደይ ዋጋው ከዓመት በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ መንግሥትም የመጠባበቂያ ክምችቱን ለገበያ አወጣ። የግብርና ሚኒስትሩ ታኩ ኤቶ ደጋፊዎቻቸው ስለሚሰጧቸው ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ በአደባባይ በመናገራቸው በግንቦት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። «ሳኩና» በቴሌቪዥን ያየ ወጣት የሩዝ ፍሬ ስንት ላብ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ሚኒስትሩ ግን ዋጋውን እንኳ አላወቁም።

ተረቱ ለማሳው ፍቅር አምጥቷል፤ ሠራተኛ ማምጣቱ ግን አልታየም። ፍቅር ብቻውን ወጣቱን ወደ ገጠር አይመልስም፤ የሚመልሰው የሚያኖር ገቢ ነው። በዚህ ረገድ ሥዕሉን የሚሥለውና ማሳውን የሚያርሰው ይመሳሰላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ቡድን በ2024 ባወጣው የጃፓን ሪፖርት በአኒሜ ዘርፍ ያለውን ዝቅተኛ ክፍያና ረጅም የሥራ ሰዓት በስጋት አንሥቷል። ትሪሊዮን የን በሚቆጠርበት ዘርፍ ሥዕሉን በእጁ የሚያወጣው ወጣት ኪራይ መክፈል ይቸግረዋል። ከማሳ ወደ ሸማች በሚወስደው መንገድ ትርፉ መሐል ላይ እንደሚቀር የሚያውቅ የጤፍ ወይም የሽንኩርት አምራች ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የኢትዮጵያ ግንኙነት በሩዙ በኩል ይጀምራል። በፎገራ ሜዳ፣ በብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ከጎርፉ ጋር የኖረው የፎገራ አርሶ አደር ሩዝን ዋና ሰብሉ ካደረገ አሠርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ውኃ፣ ስለ አረምና ስለ ፍትጊያ የሚያወራው የጃፓኑ ተረት ለእርሱ ሩቅ አይደለም። የአገር ውስጥ የሥዕል ጀግኖችም ተወልደዋል፦ «ጀምበር» የተሰኘው የኮሚክ መጽሐፍ በአማርኛም ወጥቷል፤ «ጥበብ ገርልስ» የተባሉት ሦስት ልጃገረዶች ደግሞ ልዩ ኃይላቸውን ያለ ዕድሜ ጋብቻን ከመሳሰሉ ጎጂ ልማዶች ጋር ለመፋለም ያውሉታል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ የቤት ውስጥ ጉዳይ በሆነባቸው ቀበሌዎች ይህ የመዝናኛ ርእስ ብቻ አይደለም።

ማጭድ ይዞ የሚገባ ጀግና ግን እስካሁን ጎልቶ አልወጣም። የጎደለው ታሪክ አይደለም፤ በአውድማ ዙሪያ ከመሬት ሙግት እስከ ደቦ፣ ከከብት ዘረፋ እስከ ጠለፋ ያልተነገረ የለም። አራካዋ ላም ስታልብ ያሳለፈቻቸውን ሰባት ዓመታት ኋላ ላይ ብዙ ሚሊዮን ሰው አንብቧቸዋል። ከግብርና ኮሌጅ ወጥቶ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የማዳበሪያ ሥርጭት እየመዘገበ፣ ማታ በደብተሩ ጀርባ ሥዕል የሚሞነጫጭር ወጣት ግን ሥዕሉን የሚያሳየው ለጓደኞቹ ብቻ ነው።