በሀገር ውስጥ የተገጣጠመና ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና፤ የትኛው ይታመናል?

በዚህ ሰሞን በሻይ ቤቱም በቤተ መጻሕፍቱም ደጅ ተማሪው የሚከራከርበት ጉዳይ መኪና ሆኗል። የአውቶቡስ ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ስለ መኪና ሲሟገት ለሚሰማ ሊያስቅ ይችላል። ሆኖም ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከለከለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የፋብሪካና የአክሲዮን ወሬ የሚቆጠረው በዚያ ስለ ሆነ ነው።) ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 በኤሌክትሪክ ስለሚሄደው መኪና በወጣው ደንብ፣ ሙሉ ሆኖ የሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ግን ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። ስለዚህ ደንቡ ራሱ ወገን ይዟል ማለት ነው። እኛም ወገን ከመያዛችን በፊት፣ የሀገር ውስጥ የምንለው መኪና ይታመናል ወይ፣ የኩባንያው አክሲዮን ቢሸጥልንስ እንገዛለን ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያሉን ገጣጣሚዎች እንጂ መኪና ሠሪዎች አይደሉም። ሆላንድ ካር በ2005 ሲቋቋም ለመኪናዎቹ የወንዞቻችንን ስም ሰጣቸው፤ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ። ስሙ ልብ ያሞቃል። ነገር ግን አባይ ከሥሩ የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ሊፋንም ቆይቶ በራሱ ስም መጥቶ እዚሁ ይገጣጥም ጀመር። መስፍን ኢንዱስትሪያል በመቐለ ፔዦን፣ ማራቶን ሞተር ደግሞ ሂዩንዳይን ገጣጥመዋል፤ የማራቶን አዮኒክ በ2020 በሀገራችን የተገጣጠመ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መኪና ተብሎ ቀርቧል። ታዲያ የሀገር ውስጡንና የውጭውን ስናወዳድር አንዱን ብረት ከራሱ ጋር ማወዳደራችን ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ከሽያጩ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ሆላንድ ካር በ2013 ኪሣራ ውስጥ ገባ። ኩባንያ ሲዘጋ ዋስትናውም አብሮ ይዘጋል፤ የወንዝ ስም መለዋወጫ አይሆንም።

ለመታመን ነገር እንጦጦን የመሰለ ዳኛ የለንም። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ወይም ከኮተቤ በላይ ወደ የካ ተራሮች የሚወጣ መኪና ሌላው ዓለም የማያውቀውን ፈተና ይፈተናል። አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ከጕልበቱ ሲሦ ያህሉን ያጣል። ክዳኑ የላላ ራዲያተር እዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አሮጌዋ ቮልስ በዚህ ዳገት የተወደደችው የሚፈላ ውሃ ስለ ሌላት ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ አየር አይሻም፤ ዳገቱን ሳይተነፍስ ይወጣል፤ ቁልቁል ሲመለስም ፍሬኑ ከወጣው ኀይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በዚህ በኩል አዲሱ መኪና ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ይመስላል፤ እኛም ደስ ብሎናል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት ካሚዮን በመንገዶቻችን ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየው ጣሊያን ስለ ሠራው ብቻ አልነበረም። አሠራሩ ቀላል ስለ ነበረና መካኒኩ ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ቶዮታ ዲኤክስም እንደዚሁ፤ በሱማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለውም። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ጋራዦች ያለው ባለሙያ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። የባትሪውን ሕመም ግን በጆሮ የሚሰማ የለም፤ በግምት የሚነካካውም ሕይወቱን ያስይዛል።

አሁን ወደ አክሲዮኑ እንምጣ። አክሲዮኑ ከፍ ያለ ኩባንያ መኪናው ጥሩ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ተሳስተዋል። በ2019 ቶዮታ ከነአጋሮቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና ሲሸጥ ቴስላ ያስረከበው ወደ 370 ሺህ ገደማ ነበር። ሆኖም በሐምሌ 2020 የቴስላ የአክሲዮን ጠቅላላ ዋጋ ከቶዮታ በለጠ። ገዢው የከፈለው ለነገ ተስፋ እንጂ ለዛሬ ጥንካሬ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ሲከሥር የአሮጌው አክሲዮን ባለቤቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ መኪናዎቹ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም። ሊፋን በ2010 በሻንጋይ ገበያ አክሲዮኑን ሸጦ በ2020 በፍርድ ቤት መልሶ ማደራጀት ውስጥ ገባ። እዚህ አዲስ አበባ ሊፋን የገዛ ሰው የሻንጋይን ወሬ ሳይሰማ ዕጣው እዚያ ይወሰን ነበር።

በሀገራችን ከ1965 ጀምሮ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያዩበት ቡድን ነበር፤ በአብዮቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2025 ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ሆነ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ገንዘቡ ከዋጋ ንረት እንዲያመልጥለት የፈለገ ሰው ምን ገዛ? መኪና ገዛ! አሮጌ ዲኤክስ እየተነዳ ዋጋው ሲጨምር ያየ የውጭ ሀገር ሰው ይገረማል። እኛ ግን ምሥጢሩን እናውቀዋለን፤ የብሩ መውደቅና የቀረጡ ክብደት ነው ከፍ ያደረገው። ስለዚህ «ዋጋውን ይዟልና ጥሩ መኪና ነው» የሚለው ክርክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

እኛ በበኩላችን የሀገር ውስጥ መገጣጠምን እንደግፋለን። ብየዳና ቀለም መቀባት የተማረ ወጣት ነገ ሌላ ነገር ይሠራል። ነገር ግን የቀረጡ ምሕረት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያን የተቀበለ ኩባንያ ስንት ዓመት መለዋወጫ እንደሚያከማች፣ ስንት ባለሙያ እንዳሠለጠነ፣ ሒሳቡም እንዴት እንደ ሆነ በየዓመቱ በይፋ ሊያስታውቅ ይገባል። ሒሳቡን የማያሳይ ኩባንያ አክሲዮን ልሽጥላችሁ ቢለን አንገዛም፤ ሌላውም እንዳይገዛ እንመክራለን።

ለቴክኖሎጂ መምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እዚህ የተገጣጠመ አንድ መኪናና ሙሉ ሆኖ የመጣ አንድ መኪና ከባለቤቶቻቸው ተለምነው፣ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ይውጡ። የፈጁት ኀይል፣ የቆሙበት ቀን፣ ዕቃ እስኪገኝ የተጠበቀው ጊዜ በመዝገብ ይያዝ። መዝጋቢ ተማሪዎች እኛ እናቀርባለን፤ ውጤቱንም የትኛው ባለቤት ቢቆጣ በዚሁ ገጽ እናትመዋለን።