ሁለተኛው ዓሣ ይቅርብን

በዚህ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ክበባችንን ከሁሉ በላይ ያከራከረው ፈተና ወይም የጉብኝት መኪና ሳይሆን ዓሣ ነው። በቤተ ሙከራው መግቢያ የተቀመጠውን፣ 250 ሊትር የሚይዘውን የባሕር ውሃ አኳሪየም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀርባው ብርቱካናማ፣ ጎኑ ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን፣ ቀኑን ሙሉ በድንጋዮቹ መካከል ሲሽሎከለክ የሚውለውን ነዋሪውንም ታውቁታላችሁ። ትንንሾቹ ተማሪዎች «ብርቱካን» ብለውታል። አሁን ክበቡ ከብስኩት ሽያጭ ያጠራቀመው ገንዘብ ስላለ፣ ቀይ ጓደኛ እንግዛለት የሚሉ አባላት በዝተዋል። እኛ ዘንድሮ የምንመረቀው ግን አይገዛ እንላለን። ስብሰባው ላይ በቂ ጊዜ ስላላገኘን ምክንያታችንን በዚህ መጽሔት እናስቀምጣለን። ቤታቸው ውስጥ ተመሳሳይ አኳሪየም ለመጀመር አስበው ምክር የጠየቁን ወላጆችም አሉና፣ ለእነርሱም ይሆናል።

ብርቱካን ድንክ መልአክ ዓሣ ብለን ከምንጠራቸው፣ በእንግሊዝኛው ድዋርፍ ኤንጅልፊሽ ከሚባሉት ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሴንትሮፓይጅ አካንቶፕስ ይባላል። ወገኑ ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የእኛው ከትንንሾቹ አንዱ ሲሆን ቢያድግ ቢያድግ ከ8 ሴንቲ ሜትር አይዘልም። የሚኖረውም ከሶማሊያ ጀምሮ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው ጠረፍ ነው፤ ለናይሮቢ ጎረቤት ማለት ይቻላል። (የአንዳችን አያት አኳሪየሙን ሊጎበኙ መጥተው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጆቼ፣ ይኼ ለጾም እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለውናል። ዓሣ ሲባል የሐዋሳን ቆሮሶ ለሚያስቡ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው።)

የመጀመሪያው ዓሣችን ግን ብርቱካን አልነበረም። አምና አኳሪየሙ በተሞላ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ከፊቱ ቢጫ፣ ከመሃሉ ሰማያዊ የሆነ ባይከለር ኤንጅል አየን። ሌላ ዓሣ ለማየት እንኳ አልዞርንም። ሲበላ አሳዩን አላልንም፤ ሻጩም አላሳየንም። ከየት እንደመጣና ከመጣ ስንት ቀን እንደሆነው አልጠየቅንም። ከሰጠነው ምግብ አንዱንም ሳይቀምስ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ለአንደኛ ክፍል ልጆች የነገርናቸው «ወደ ባሕር ተመለሰ» ብለን ነው። ያ ውሸት ዛሬም ያሳፍረናል።

ሻጩን ወቅሶ መተው ይቀል ነበር። ኋላ ስናነብ ግን ባይከለር ምግብ አልቀበልም በማለት የታወቀ ዝርያ መሆኑን ተረዳን። ከዚያ የባሰው ጥፋት ደግሞ የራሳችን ነበር። ድንክ መልአክ ዓሣ ግጦሽ ላይ የሚውል እንስሳ ነው። ከድንጋዩ ላይ አልጌውን፣ ስፖንጁን፣ በመካከሉ የሚርመሰመሱትን ደቃቃ ነፍሳት ቀኑን ሙሉ እየቆነጠረ ይኖራል። የእኛ ድንጋይ ያኔ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ውሃውን መርምረን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ስለሆነ አኳሪየሙ ደርሷል ብለን ነበር። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ሊደራጁ ይችላሉ፤ ግጦሽ ግን በስድስት ሳምንት አይበቅልም። ሣር ባልበቀለበት መስክ ላይ በግ ማሰር ማለት ነው ያደረግነው።

ሁለተኛውን ለመግዛት ስድስት ወር ጠበቅን። ድንጋዩ አረንጓዴና ወይን ጠጅ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው። ከዚያም ሌላ ሱቅ ሄደን ያንኑ ዓሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ አየነው። በመጀመሪያው ቀን ገና ከሞምባሳ መድረሱ ስለነበር ገንዘባችንን ይዘን ተመለስን። የምናየው ሆዱን ነበር፤ ወደ ውስጥ የገባ ሆድ ያለው ዓሣ ቆይቶ ያልበላ ነው። አተነፋፈሱንም አየን፤ የጉንጩ ክዳን በጥድፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ችግር አለ። ድንጋይ ሥር መደበቁ ግን አያስፈራም፤ ጠባዩ ነው። በሦስተኛው ቀን ሻጩ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ አሟሙቶ ሲጥልለት ወጥቶ ጎረሰ። ያን ጊዜ ገዛነው። ያወጣነውም በመረብ ሳይሆን በፕላስቲክ ጆግ ነው፤ የእነዚህ ዓሦች ጉንጭ ላይ እሾህ ስላለ መረብ ውስጥ ይጠላለፋሉ፣ ይቆስላሉም።

ከዚያ በኋላ ለ30 ቀን በሌላ ዕቃ ለይተን አቆየነው። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ከገባ ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ኮራሉን፣ ቀንድ አውጣውንና ሽሪምፑን ይገድላል። ስለዚህ ኮራል ባለበት አኳሪየም ውስጥ በመዳብ ማከም አይቻልም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ሊገዛ የታሰበው ፍሌም ኤንጅል የሚባለው፣ ቀይ ሆኖ ጥቁር መስመሮች ያሉበት የፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ነው። ውብ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እነዚህ ዓሦች ለግዛታቸው ይጣላሉ፤ ቀድሞ የገባው ቤቱን ይጠብቃል። በባሕር ውስጥ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ሰፊ ሪፍ ይዞ ይኖራል፤ ወንዱ ሲጠፋ ትልቋ ሴት ራሷ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። (ይህን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስንናገር ክፍሉ ለአሥር ደቂቃ አልተረጋጋም።) በ250 ሊትር ውስጥ ግን የተሸነፈው የሚሸሽበት ሪፍ የለውም። ጥግ ተይዞ፣ ክንፉ ተቀዳዶ፣ ምግብ ሳያገኝ ይቀራል።

ኮራሎቻችንም አሉ። ብርቱካን እስካሁን አንዱን ብቻ፣ ሥጋ የበዛበትን፣ አልፎ አልፎ ይቆነጥራል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስንመግበው ቀንሷል። የሚቀጥለው ዓሣ ምን እንደሚያደርግ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ጠባያቸው ይለያያል።

ወላጆች ሲመጡ አኳሪየሙ ባዶ ይመስላል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ገንዘቡን የሰጡት እነርሱ ናቸው፣ ቀለም ማየትም ይፈልጋሉ። ሆኖም ናይሮቢ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውሃው ሞቃትና ጨዋማ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ሌሊት የጥበቃው ጋሼ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከላይ ሲያፈሱ አድረው ነው ዓሣው የተረፈው። ማንም አላዘዛቸውም፤ «ዓሣው አፉን ከፍቶ ሳየው አላስቻለኝም» ነው ያሉን። የክበቡ ገንዘብ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዛ። ከተረፈ ለለይቶ ማቆያው ሁለተኛ ማሞቂያ ይግዛ።

ለተከታዮቻችን፦ ውሃው ሲተን የሚጨመረው የተጣራ ንጹሕ ውሃ እንጂ የጨው ውሃ አይደለም፤ ጨው አይተንም። መስታወቱ ላይ በቀይ ያሰመርነው የውሃው ልክ ነው። የጨው መለኪያው 1.025 ገደማ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ይሁን። የክረምቱ ተረኞች ስም በር ላይ ተለጥፏል፣ የሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ግን እስካሁን ሰው አላገኘም። ቁልፉ ጋሼ ዘንድ ነው።