የባሌ ውሃ ቅድሚያ ለማን ያብራ?

ዝንጀሮ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። ኤሌክትሪክ የሚሸጥም ሆነ የሚገዛ ሁሉ ይህን አባባል የሚያስታውስበት ጊዜ ደርሷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸው ዳታ ማዕከላት ርካሽ ኃይል ፍለጋ ዓለምን እያሰሱ ናቸው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚገምተው፣ የዓለም ዳታ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 415 ቴራ ዋት ሰዓት ኃይል ወስደዋል፤ በ2030 ፍጆታቸው ከእጥፍ በላይ አድጎ 945 ገደማ ይደርሳል።

ፈላጊው ኢትዮጵያም ዘልቋል። ቀድመው የመጡት ቢትኮይን አምራቾች ሲሆኑ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም እንደሚከፍሉ ሲነገር ቆይቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና የሚውል የ250 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። ይሁንና ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊመረቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለአዳዲስ ቢትኮይን አምራቾች የሚሰጠው ኃይል እንደሌለ አስታወቀ። ኃይሉ ማለቂያ የሌለው አይደለም ማለት ነው።

ሒሳቡን ከባሌ ደጋ ሆኖ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ከባሌ ተራሮች ውሃ ይቀበላሉ። በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው መልካ ዋከና 153 ሜጋ ዋት፣ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 ደግሞ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። 100 ሜጋ ዋት የሚጠይቅ አንድ ዳታ ማዕከል ብቻውን የመልካ ዋከናን አቅም ሁለት ሦስተኛ ያህል ይወስዳል። ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ በ3.14 ሳንቲም ሒሳብ የሚከፍለው ወደ 27.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዶላር ለጠማው ገበያ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። እንደ ጎባ ባለ ከፍታው 2,700 ሜትር በሚደርስ ከተማ ብርዱ ራሱ ሀብት ነው፤ ማሽን ለማቀዝቀዝ የሚወጣውን ኃይል ይቆጥባል።

የወንበሩ ሌላ ተቀማጭ ግን አለ። ሮቤ የስንዴ ከተማ ናት። ስንዴውን በጥሬው ከመጫን ዱቄትና ፓስታ አድርጎ መሸጥ የተሻለ ትርፍ አለው፤ ኃይል ግን ይፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል፣ ወጪው ዞሮ ዱቄቱ ላይ ይደመራል። ዳታ ማዕከል አንዴ ከተተከለ በጥቂት ሠራተኛ ይሠራል። የዱቄት ፋብሪካ ግን ከገበሬው፣ ከጫኝና አውራጁ፣ ከመኪና ባለንብረቱና ከደላላው ጋር ሁሉ ሒሳብ አለው።

ውሃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በግንቦት 2011 ዓ.ም. ታይቷል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካዎችም ተራ ጠበቁ። ያ ጊዜ ቢመለስ መጀመሪያ የሚጠፋው የማን መብራት ነው? ይህ በውል ላይ ካልተጻፈ መልሱን የሚሰጠው ጉልበት ያለው ነው።

ስለዚህ ኃይሉ ይሸጥ፤ ወረፋው ግን ይጻፍ። አንደኛ፣ በድርቅና ፍጆታ በሚበዛባቸው የምሽት ሰዓቶች ቀድሞ የሚቋረጠው ዳታ ማዕከሉ ይሁን። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና የደረሰበት እየተመዘገበ ሊቆምና ሊቀጥል ይችላል፤ ሊጥ የያዘ ማሽን ግን ሲቆም ሊጡ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የአገር ውስጥ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗልና፣ የውጭው ደንበኛ ዋጋም ለዓመታት ታስሮ አይቆይ። ሦስተኛ፣ ከሚገኘው ዶላር የተወሰነው እንደ ሮቤና ጎባ ላሉ ከተሞች ማከፋፈያ መስመርና ለውሃው ምንጭ ጥበቃ ይመለስ። የሐረና ደንና የሰነቲ አምባ የሚገኙበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለጎብኚ ብቻ አይደለም። ደኑ ከሳሳ ወንዙ ይሳሳል፤ ወንዙ ከሳሳ የሚሸጥ ኪሎ ዋት የለም።

በኃይል ንግድ ገንዘቡን ለማዋል ያሰበ ሁሉ ከዋጋው በፊት የወረፋውን አንቀጽ ያንብብ። ሮቤ ላይ ወፍጮ የተከለውም ያንኑ አንቀጽ ከወዲሁ ይጠይቅ።