ትኬቱን የገዙት አክስቴ፤ ማይሉስ የማን ነው?

የዛሬው ጉዳያችን ዘመድና ገንዘብ ነው። ያውም በእጅ የማይዳሰስ፣ በባንክ የማይመነዘር ገንዘብ! ደብዳቤውን የላከችልን ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀች አንዲት የመርካቶ ወጣት ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም አክስቴ ናቸው። መርካቶ የልብስ ሱቅ አላቸው፤ እኔም አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ጀምሮ አብሬያቸው እሠራለሁ። እሳቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው ላለፉት አራት ዓመታት ዱባይና ጓንዡ እየተመላለስኩ ዕቃ የማመጣው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ መክራኝ የአየር መንገድ የደንበኝነት ካርድ አወጣሁና በስሜ ብዙ ማይል ተጠራቀመ። ዘንድሮ ላገባ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ከእጮኛዬ ጋር በማይሉ ዛንዚባር ልንሄድ አሰብን። ይህንን ለአክስቴ ብነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹ትኬቱን የገዛሁት እኔ! እኔ ፍራንክፈርት ያለ ልጄን ካየሁ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ በኔ ገንዘብ ሽርሽር?› አሉኝ። ማይሉን በስማቸው ካላዞርኩ ሌላ ሰው እንደሚልኩ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አንነጋገርም። ለመሆኑ እኔ ሌባ ነኝ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌባ አይደለሽም። አክስትሽም ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለታችሁንም ያጣላችሁ የማይል ነገር ስለሆነ አስቀድመን እሱን እንየው።

ማይል ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ በ1978 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ሕግ መንግሥት የአየር መንገዶችን ዋጋና መስመር መወሰኑን እንዲያቆም አደረገ። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ጦፈ። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኞቹ በበረሩት ማይል ልክ ነጥብ እያጠራቀሙ ነጻ ትኬት የሚያገኙበትን ፕሮግራም ጀመረ። ዩናይትድም በቀናት ውስጥ ተከተለው።

እስቲ ዘዴዋን ልብ በሉልኝ! አዘውትሮ የሚበረው የድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን መሥሪያ ቤቱ ነው። አየር መንገዶቹ ስጦታውን ለከፋዩ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው አደረጉት። ሠራተኛው በሰው ገንዘብ እስከበረረ ድረስ ለሱ ስጦታ የሚሰጠውን አየር መንገድ ይመርጣላ! ስለዚህ የአንቺና የአክስትሽ ቅሬታ አዲስ ነገር አይደለም። ከማይል ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ፈታው?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለግላቸው እንዳይጠቀሙ ተከልክለው ነበር። የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ በ2001 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው። የአክስትሽ ልጅ ያለበት ጀርመን ደግሞ ተቃራኒውን ወሰነ። በ2006 የፌዴራሉ የሥራ ፍርድ ቤት ሠራተኛው በአሠሪው ወጪ በርሮ ያገኘውን ማይል አሠሪው ለሥራ ጉዞ እንዲውል መጠየቅ ይችላል አለ።

አየሽ? ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአየር መንገዱ ማይሉ ያንቺ ነው፤ አካውንቱም በስምሽ ነው፤ ማን ከፈለ ብሎ አይጠይቅም። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ግን ነገሩ የስምምነት ጉዳይ ነው። እናንተ ደግሞ ቀድማችሁ አልተስማማችሁም። ጥፋት ካለ ጥፋቱ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ማይሉን ወደ አክስትሽ ካርድ ለማዞር አትሩጪ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማዞርን ወይ አይፈቅዱም፣ ወይ ያስከፍሉበታል። የሚሻለው ከራስሽ አካውንት በአክስትሽ ስም ትኬት ማውጣት ነው። ይህንን ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሰውየውን አስቀድመሽ እንድታስመዘግቢ ይጠይቃሉ። «ነጻ ትኬት» ሲባልም ሙሉ በሙሉ ነጻ እንዳይመስልሽ፤ ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። በማይል የሚያዝ ወንበርም የተወሰነ ነውና ለበዓል ሰሞን ካሰባችሁ በጊዜ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ለአክስትሽ ስለ ኪሎ አጫውቻቸው! ነጋዴ ናቸውና ይገባቸዋል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ አየር መንገዱ እ.ኤ.አ በታህሳስ 2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን ማኅበር ተቀላቅሏል። በዚህ ማኅበር ጎልድ ደረጃ የደረሰ ሰው ሻንጣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር 20 ኪሎ ተጨማሪ ይፈቀድለታል። አንዳንድ ርካሽ ትኬቶች ስለማይካተቱ ግን ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ። ይህ ደረጃ የሚገኘው ራስ በመብረር ነው፤ ለሰው አይሰጥም። አክስትሽ ሌላ ልጅ ቢልኩ ያቺ ልጅ ከዜሮ ትጀምራለች። ካርዱ ያንቺ ቢሆንም ኪሎው የሱቁ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ይሄኛው የኔ የራሴ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያውን ትኬት ለአክስትሽ አውጪላቸው። ቪዛቸው ይገኝና ልጃቸውን አቅፈው ይምጡ። አየር መንገዱ አያስገድድሽም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያም በፊት ያሳደጉሽ እሳቸው ናቸው። ዛንዚባር የትም አይሄድም። ማይሉ ከተረፈ ተጓዙ፤ ካልተረፈም ላንጋኖም ጫጉላ ነው! ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስለ ወደፊቱ ተነጋገሩ፤ ግማሹ ለሱቁ ጉዞ፣ ግማሹ ላንቺ ቢባል እኔ ፍትሐዊ ይመስለኛል። የሥራሽ አንድ ጥቅም ነውና ይህንን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ለሌሎቻችሁም

ካርድ ማውጣት ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው። ስማችሁ ግን ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይሁን። በአባት ስም ለምንጠራ ለኛ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲል ግር ይለናል። ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ማይሉ ላይገባ ይችላል። ማይሉ መመዝገቡን እስክታረጋግጡ ቦርዲንግ ፓሳችሁን አትጣሉ። ብዙ ማይሎች ጊዜያቸው ሲደርስ ይቃጠላሉ፤ ቀኑን እዩ። «ማይልሽን ልግዛሽ» የሚል ደላላ ከመጣም ሽሹ። ማይል መሸጥ በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ ከተደረሰባችሁ አካውንቱ ከነማይሉ ሊዘጋ ይችላል። አረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችንም፣ ትኬታችሁን አሠሪ ቢገዛውም ፕሮግራሙ የሚያውቀው የበረረውን ሰው ነው። ካርድ ሳታወጡ አትሳፈሩ።

ወደ መርካቶዋ እህታችን ልመለስ። ዛሬ ማታ ቡና አፍይና ከአክስትሽ ጋር ተቀመጪ። «ትኬቱን በስምዎ ላውጣ፤ ግን ከእንግዲህ ድርሻዬን እንወስን» በያቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነውና የሚጨክኑ አይመስለኝም።

ለሠርግሽ እኛንም አትርሺን! እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።