ትምህርቱ ከሐይቁ ዳር ይጀምር

አካባቢ ሳይንስ የሚባለው የታችኛው ክፍል ትምህርት መልክዓ ምድርን፣ የቀደምት ሰዎችን ኑሮና የተፈጥሮ ሳይንስን አንድ ላይ ይዟል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ልጅ ከደጁ ተነሥቶ ወደ ዓለም ይሄዳል። በዚህ ሳምንት የታየው በወሎ ሐይቅ የተባለችው ከተማ የአንድ ተማሪ ደብተር ግን «ሐይቅ ማለት በየብስ የተከበበ የውሃ አካል ነው» ይልና ጣናንና ቪክቶሪያን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ከሥሩ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ራይት» አድርጎበታል። የልጁ ቤት ከውሃው ዳር ነው፤ ያ ውሃ ግን ደብተሩ ውስጥ የለም። ይህ ዓምድ ከሽምደዳ ጋር የያዘው ሙግት የቆየ ቢሆንም የሐይቅና የአምባሰል ነገር ከሁሉም ይብሳል።

በተሁለደሬና በአምባሰል ተራሮች ላይ የሚወርድ ዝናብ ሦስት መንገድ አለው። በምዕራብ በኩል የወረደው በሽሎን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦም ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከሱሉላ ከተማ በስተምዕራብ የሚነሣው ሚሌ ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የቀረው ሐይቅ ተብሎ ወደሚጠራው ሐይቅ ገብቶ ወንዝ ሆኖ አይወጣም። ይህን ሸንተረር ላይ ቆሞ በጣት ማሳየት ይቻላል። አምባዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰው ባዛልት ጠንካራው ገደል፣ ለስላሳው ተዳፋት ሆኖ ቀርቷል።

23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ይህ ሐይቅ በገጽ የሚታይ መውጫ የለውም። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፤ ሻላና አብያታ ለዚህ ምስክር ናቸው። ይህ ሐይቅ ግን ጨዋማ አልሆነም። ማብራሪያው ከፊሉ ውሃ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ጨዉንም ይዞ መውጣቱ ነው። ይህን ለልጆች ለማሳየት ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል፤ የአንዱን ግርጌ በመርፌ በስቶ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥና በየቀኑ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ መጨመር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በጣታቸው ነክረው ሲቀምሱ ያልተበሳው ጣሳ ውሃ ጨው በዝቶበት ያገኙታል። «መጽሐፉ ለክልሉ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው መልስ ለዚህ አይሆንም፤ ጣሳ ለመብሳት መጽሐፍ መቀየር አያስፈልግም።

ዓሣውም ትምህርት አለው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ከዚያ በኋላ አልጌ የሚበሉት ደቃቅ እንስሳት በዓሣው ስለተመናመኑ፣ ጥርት ያለው ውሃ እየደፈረሰ አረንጓዴ መሆኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የምግብ ሰንሰለትን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም።

የታሪኩ ክፍል የሚጀምረው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ትውፊት ምሥረታውን በ9ኛው መቶ ዘመን ያደርገዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ትልቅ የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈውና የአበው ሥዕል ያለበት አራቱ ወንጌል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ሲያልፍ ገዳሙን በደሴት ላይ አይቶታል፤ ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንደነበረም ጽፏል። ዛሬ ገዳሙ ያለው ከየብስ ጋር በተያያዘ ልሳነ ምድር ላይ ነው። የአንድ መንገደኛ ማስታወሻ እንዲህ የውሃ መለኪያ ይሆናል፤ ታሪክና ሳይንስ በየክፍለ ጊዜው የሚነጣጠሉበት ምክንያት የለም። ሴት ተማሪዎች ወደ ገዳሙ ባይገቡም ልሳነ ምድሩ ከዳር ሆኖ በደንብ ይታያል። ከዚያ ወደ ሰሜን ውጫሌ አለ፤ በስሙ የሚጠራው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ ግን ከሐይቁ በታች ተቀምጧል። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል ትውልድን ከትውልድ እየተከተለ ሲጠና ኖሯል፤ በልኬት የተደገፈ ግን አይደለም። ከሐይቅና ከአጎራባቹ አርዲቦ ግርጌ የወጣው ደለል ያቆየው የዕፅዋት ብናኝ ሌላ ነገር ይናገራል። የዝግባና የጥድ ደን ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ በቦታው ክትክታና ሣር በቅሏል፤ ያም ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱና ወይራው ተመልሶ ተስፋፋ፤ ኋላ ደግሞ እንደገና ሳሳ። ስለዚህ የወሎ ገበሬ አባትና አያት ብቻቸውን የሚወቀሱበት ትረካ ትክክል አይደለም፤ ደን ሊመለስ አይችልም የሚለውም እንዲሁ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ይህን ይረዳል። ዛሬ በየቤቱ ጓሮ የሚታየው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የእርሱ ብናኝ በደለሉ የላይኛው ሽፋን እንጂ ከጥንቱ ዝግባና ጥድ ጋር አይገኝም።